ሽቦውን ነቅሎ አበባ የተከለው ሰው

የዘንድሮው የመገናኛ በዓላችን መጽሔት አዘጋጆች ደውለው፣ በግቢ ዘመናችን ልባችንን ስለነካ አንድ ሰው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ከአስተማሪዎቻችን አንዱን የምመርጥ መስሏቸው ነበር። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር። እስክሪብቶ ሳነሳ ግን ፊቴ ላይ የመጣው በአካል አይቼው የማላውቀው፣ ድምፁን እንኳ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ሆነ። ደቡብ አፍሪካዊው ደራሲ አለን ፔተን ነው። የእኛ ባች ልጆች ስሙን ሲያዩ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ።

ለማያውቁት ላስረዳ። በ1973 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን «ክራይ፣ ዘ ቢላቭድ ካንትሪ» የሚል ልቦለድ ዶርማችን ገባ፤ በእኛ ቋንቋ «አልቅሽ፣ አንቺ የተወደድሽ አገር» እንደማለት ነው። ሽፋን የለውም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል፣ ማን እንዳመጣውም አይታወቅም። ስምንት ሆነን በተራ አነበብነው። አንዱ ማታ ይወስዳል፣ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመልሳል፣ ማንም ምን ሆነህ ብሎ አይጠይቀውም። ዘመኑን ታስታውሳላችሁ። ለቅሶ የሌለበት ቤት እምብዛም አልነበረም፤ ስለ ለቅሶ ማውራት ግን አይቻልም ነበር። ልጁን ፍለጋ ከገጠር ወደ ከተማ ስለሚሄድ አንድ ሽማግሌ ቄስ ማንበብ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

ስለ ሰውየው ሕይወት በደንብ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ላካፍላችሁ። የእሱን ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ የእኛን ዓ.ም. እላቸዋለሁ።

አለን ፔተን በጥር 1903 በናታል ግዛት፣ ፒተርማሪትዝበርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ከስኮትላንድ የመጡ፣ ጥብቅ ሃይማኖተኛ ሰው ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ተፈጥሮን ይወዳሉ፣ ልጆቻቸውን ደግሞ በዱላ ያሳድጋሉ። ፔተን ከአባቱ ሁለት ነገር ወርሷል ማለት ይቻላል። አንዱ የቅዱስ መጽሐፉ ቋንቋ ነው፤ ልቦለዱን ስታነቡ ዜማው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ሌላው በኃይል የሚገዛ ሥልጣንን መጥላት ነው።

በአገሩ ኮሌጅ ፊዚክስና ሒሳብ ተማረ። አዎ፣ የሳይንስ ሰው ነበር፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ በ1925 ኢክሶፖ በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ልቦለዱ የሚጀምረው በእነዚያ የኢክሶፖ ኮረብቶች ላይ ነው። ሚስቱን ዶሪንም ያገኛት እዚያው ነው። እሷን ካገባ በኋላ የእሷ ቤተክርስቲያን አባል፣ አንግሊካን ሆነ።

ቀጥሎ በትውልድ ከተማው፣ የነጭ ልጆች በሚማሩበት ስመ ጥር ትምህርት ቤት ያስተምር ጀመር። ኑሮው ደህና ነበር። በ1934 ግን ታይፎይድ ያዘው። ለሞት ደረሰ፤ ወራት ሆስፒታል ተኛ። እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ቀሪ ዕድሜውን ባለጸጎች ልጆቻቸውን በሚልኩበት ትምህርት ቤት መጨረስ እንደማይፈልግ ወሰነ። በዚያን ጊዜ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያዎች ከእስር ቤት አስተዳደር ወጥተው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር እየተዛወሩ ነበር። ፔተን አመለከተ። በ1935፣ በ32 ዓመቱ፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ የሚገኘው የዲፕክሉፍ የጠባይ ማረሚያ ኃላፊ ሆነ። ቦታው ዛሬ የስዌቶ አካል ነው።

እዚያ ያገኘውን ነገር አስቡት። በመቶ የሚቆጠሩ ጥቁር ልጆች አሉ፤ ገና ሕፃናት የሚባሉም ነበሩባቸው። ግቢው በእሾሃማ ሽቦ ታጥሯል። ገና አመሻሹ ላይ መኝታ ቤት ይቆለፍባቸዋል፤ እስከ ንጋት ለመጸዳጃ ያላቸው ባልዲ ነው።

ፔተን የመጀመሪያ እርምጃው በሩን ማታ አለመቆለፍ ሆነ፤ ልጆቹ ሽንት ቤት ወጥተው እንዲመለሱ። የሠራተኞቹን ድንጋጤ መገመት ይቻላል። ቀስ በቀስ ሽቦው ተነቀለ። ሽቦው በነበረበት ጄራኒየም አበባ ተተከለ። ከዚያ ደግሞ ጠባያቸው የታየላቸው ልጆች በጓደኞቻቸው ፊት ቃል እየገቡ ያለ ጠባቂ በእርሻው ላይ እንዲዘዋወሩ ተፈቀደ። በመጨረሻም ለእሑድና ለበዓል ቤተሰባቸውን ጠይቀው እንዲመለሱ ፈቃድ ይሰጥ ጀመር። እሱ በኃላፊነት በቆየባቸው 13 ዓመታት ከ10,000 በላይ የቤት ፈቃድ ተሰጥቷል፤ ሳይመለሱ የቀሩት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር እቆማለሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ፔተን ከልጅነቱ ጀምሮ የጠራ አመለካከት የነበረው ሰው አልነበረም። በ1938 አፍሪካነሮች አያቶቻቸው በበሬ ጋሪ ወደ ሰሜን የተጓዙበትን 100ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ እሱ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ሆኖ ሳለ ጢሙን አሳድጎ ከእነሱ ጋር ፕሪቶሪያ ወርዶ ነበር። አገር አንድ የሚሆን መስሎት። እዚያ ያየው ግን የአንድ ወገን ብሔርተኝነት ነበር፣ ለጥቁሩ ቀርቶ ለእሱም ቦታ ያልነበረው። ቤቱ ተመለሰና ጢሙን ተላጨ። ከዚያ በ1944 ለዘር እኩልነት የደከመች አንዲት ነጭ ሴት ሞታ ጆሃንስበርግ ውስጥ በሚገኝ ቤተክርስቲያን ቀብሯ ላይ ተገኘ። ጥቁርም፣ ነጭም፣ ህንዱም፣ ክልሱም ባንድ ጣራ ሥር ቆሞ ሲያለቅስ አየ። ሕይወቱን ከለወጡት ነገሮች አንዱ ይህ ለቅሶ መሆኑን በግለ ታሪኩ ጽፎታል። እኛ የለቅሶ ቤት ሰዎች ይህ አይከብደንም። ሰው ሰው መሆኑ የሚታየው ድንኳን ውስጥ ነው።

በ1946 የሌሎች አገሮችን ማረሚያ ቤቶች ለመጎብኘት ጉዞ ወጣ። ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ከተማ፣ አንድ ማታ ካቴድራሉን አይቶ ወደ ሆቴሉ ሲመለስ የአገሩ ናፍቆት ያዘው። ወረቀት አወጣና ስለ ኢክሶፖ ኮረብቶች መጻፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ቀን እስር ቤት ይጎበኛል፣ ማታ ይጽፋል። በሦስት ወር ውስጥ፣ በገና ሰሞን፣ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጨረሰው። እዚያ የተዋወቃቸው ባልና ሚስት ረቂቁን አንብበው ለአሳታሚዎች ላኩለት። መጽሐፉ በ1948 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ላይ ታተመ፤ ባንድ ጊዜም ስሙ ዓለምን አዳረሰ።

ታሪኩን የረሳችሁ ካላችሁ ባጭሩ ይኸው። ቄስ እስቲቨን ኩማሎ እህቱንና ልጁን ፍለጋ ጆሃንስበርግ ይሄዳል። ልጁ አቤሴሎም ለዝርፊያ በገባበት ቤት ደንግጦ አንድ ነጭ ሰው ገድሏል። የሞተው ሰው ደግሞ ለጥቁሮች መብት የሚጽፍ፣ የቄሱ ጎረቤት የባለ እርሻው የጃርቪስ ልጅ ነው። ሁለት አባቶች፣ አንዱ የገዳይ አንዱ የሟች፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ይኖራሉ። ጃርቪስ የልጁን ጽሑፎች ካነበበ በኋላ ለመንደሩ ሕፃናት ወተት ይልካል፣ መሬቱ እንዲያገግም የእርሻ ባለሙያ ያመጣል። ቄሱ ልጁ በሚሰቀልበት ንጋት ተራራ ላይ ወጥቶ ይጸልያል። አለቀ። በቀል የለም፣ ድል የለም። ስምንታችንም አልቅሰናል።

መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት፣ ግንቦት 1948፣ አፓርታይድን ሕግ ያደረገው ፓርቲ ምርጫ አሸነፈ። ፔተን በዚያው ዓመት ለመጻፍ ብሎ ማረሚያውን ለቅቆ ነበር። ቢፈልግ ከመጽሐፉ በሚያገኘው ገንዘብ ሌላ አገር ሄዶ በሰላም መኖር ይችል ነበር። አልሄደም። በ1953 ጥቁርና ነጭ በእኩልነት አባል የሚሆኑበትን የሊበራል ፓርቲ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ በኋላም መሪው። ፓርቲው ጥቁሮች ከገዛ መሬታቸው እንዳይነቀሉ ከገበሬዎቹ ጋር ቆመ። በነጭ መራጮች ዘንድ ግን አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም።

ክርስትናው የታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዚያን ጊዜ ብዙ ምእመናን ሃይማኖት የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ሕግ የመንግሥት ጉዳይ ነው እያሉ ያልፉ ነበር። ለፔተን ግን አባትን ከልጅ፣ ባልን ከሚስት የሚለይ ሕግ እያለ ዝም ብሎ መጸለይ ጸሎት አልነበረም። በ1957 መንግሥት ጥቁሮች በነጮች ሰፈር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት እንዳያስቀድሱ ሚኒስትሩ ሊከለክል የሚችልበትን ሕግ አመጣ። የኬፕታውኑ ሊቀ ጳጳስ ጆፍሪ ክሌይተን፣ ጠባያቸው ጥንቁቅ የነበረ ሰው፣ ይህን ሕግ ልንታዘዝም ምእመናኑን ታዘዙ ልንልም አንችልም የሚል ደብዳቤ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈረሙ። በማግስቱ ዐረፉ። ፔተን የእሳቸውን ሕይወት በኋላ መጽሐፍ አድርጎ ጽፎታል። ፈሪ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው።

የከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም። በ1960 ኒው ዮርክ ሄዶ የነፃነት ሽልማት ተቀብሎ ሲመለስ ፓስፖርቱን ተቀማ፤ እስኪመለስለት 10 ዓመት ፈጀ። የማረሚያውን ነገርማ አታንሱት። ያንን ሥራ ገና በጋዜጣ አዘጋጅነቱ ዘመን ሲያጣጥል የነበረው ፈርቩርት ሥልጣን ላይ ወጣና በ1958 ዲፕክሉፍ ተዘጋ። የ13 ዓመት ልፋት በአንድ ትእዛዝ።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ክር ደግሞ ይኸውና። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በጉባኤ መናገራቸውን፣ ቆልፌም ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አገራቸው ሲመለሱ ተያዙ። በ1964 በሪቮኒያው ችሎት ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ፣ የሞት ፍርድ ይጠበቅ በነበረበት ሰዓት፣ የቅጣት ማቅለያ ምስክር ሆኖ የቆመላቸው አለን ፔተን ነበር። በትጥቅ ትግል የማያምን ሰው ነው። ግን ቀርቦ ስለ ማንዴላና ስለ ጓደኞቻቸው ቅንነት መሰከረ። ዓቃቤ ሕጉ በእንዲህ ያለ ጊዜ ባልተለመደ መንገድ ተነስቶ በመስቀለኛ ጥያቄ ሊያዋርደው ሞከረ። ፔተን ተዋረደ አልተዋረደ፣ ቆሟል። በዚያው ቀንም ሳይሰቀሉ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

ያ ዓመት ግን በሌላ በኩል ሰበረው። ሐምሌ ላይ የራሱ ፓርቲ አባል የነበረ ወጣት አስተማሪ በጆሃንስበርግ ባቡር ጣቢያ ቦምብ አጠመደ፤ አንዲት አሮጊት ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ልጁም ተሰቀለ። ያለ ደም ለውጥ ይመጣል ብሎ ላስተማረ መሪ ከዚህ የከፋ ምን አለ? በ1967 ዶሪ ሞተች። በ1968 የተለያየ ዘር በአንድ ፓርቲ መደራጀትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ፓርቲው ጥቁሮቹን አስወጥቶ ከመኖር መፍረስን መረጠ። ፔተን ለዶሪ የመታሰቢያ መጽሐፍ ጻፈ፤ ባል ስለ ሚስቱ፣ ድክመቱን ሳይደብቅ፣ እንዲህ ሲጽፍ እምብዛም አላየሁም።

እዚህ ላይ ከአንድ የቀድሞ ዶርም ጓደኛዬ ጋር ያለንን ክርክር ሳላነሳ ባልፍ ውሸት ይሆናል። ዛሬ እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን ያስተምራል። እሱ የሚለው ፔተን ለጥቁሮች አዘነ እንጂ አልተረዳቸውም ነው። ቄስ ኩማሎ በጣም ትሑት፣ በጣም አጎንባሽ ነው፤ ከተሜው ፖለቲከኛ ወንድሙ ደግሞ ፈሪና ራስ ወዳድ ተደርጎ ተስሏል። ታዲያ የጥቁሩ ቁጣ የት ገባ ይላል። ሌላም ይጨምራል፤ በ1980ዎቹ ሊቀ ጳጳስ ቱቱ ዓለም በአፓርታይድ ላይ ማዕቀብ ይጣል ሲሉ፣ ፔተን ተቃወመ፣ በአደባባይም ወቀሳቸው።

እውነት ነው። ፔተን ማዕቀቡ መጀመሪያ የሚያስርበው ጥቁሩን ሠራተኛ ነው ብሎ ነበር የተቃወመው። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ግን የሚራብላቸው ሰዎች ራሳቸው እንቀበለዋለን እያሉ ነበር። ይህን ለመስማት የዘገየ ይመስለኛል። ጓደኛዬን ሙሉ በሙሉ ልረታው አልቻልኩም፣ አሁንም ልሞክር አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ፔተን ሲሳሳት በአደባባይ፣ በስሙ ፈርሞ ነው። እኛ ስንቶቻችን ነን ትክክል ሆነን በጓዳ የቀረነው?

ሚያዝያ 1980 ዓ.ም. እኔ ገጠር አስተምር ነበር። ማታ ሬዲዮ ላይ ማረፉን ሰማሁ። 85 ዓመቱ ነበር፤ ደርባን አጠገብ ቤቱ ውስጥ ነው የሞተው። ማንዴላ ሊፈቱ ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረውም ነበር። አላየውም።

አሁን ስለ ቁጥሩ ቃል የገባሁትን ልንገራችሁ። በ1987 ዓ.ም. የአዳሪ ተማሪዎች ያሉበት የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። የ10ኛ ክፍል ልጅ ሌሊት አጥር ዘሎ ወጥቶ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይባረር አለ። ልጁ እናቴ ታማብኝ ነው ብሎ ነበር፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አልንና አላመንነውም። እኔ ፈረምኩ። እናቱ በሳምንቱ ሞተች። ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ አውቶቡስ መናኸሪያ ዕቃ ሲሸከም አገኘሁት። ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ ጋሼ ብሎ ሰላም አለኝ፣ ገንዘብ ብሰጠው እምቢ አለኝ። ቂም እንኳ አልያዘብኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የፔተንን ግለ ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በ20 ዓመቴ ልቦለዱን አንብቤ አልቅሻለሁ፤ በ35 ዓመቴ ግን ያ ለቅሶ ብዕር ስይዝ ትዝ አላለኝም። በዚያው ዓመት ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ቤተሰብ የታመመበት ልጅ በቃሉ ብቻ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ማታ ይመለስ። ተጨቃጨቅን። ለአንድ ሴሚስተር እንሞክረው ተባለ። በሰዓቱ ያልደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ እነሱም አውቶቡስ ተበላሽቶባቸው በማግስቱ በእግራቸው ገቡ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥርዓቱ ቀጥሏል። ያንን ልጅ ግን አይመልስልኝም።

እና የባቻችን ልጆች፣ በተለይ ዛሬ የመምሪያ ኃላፊ፣ ዲን፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ የሆናችሁ፣ በዚህ መገናኛ በዓል ስንጨዋወት የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። በእጃችን ያለ ሽቦ አለ ወይ? የምንፈርምበት ወረቀት ላይ ስሙ የተጻፈው ልጅ ምን ብሎን ነበር? ፔተን ሁሉን ነገር አላሸነፈም፤ ማረሚያው ተዘጋ፣ ፓርቲው ፈረሰ፣ አገሩ ነፃ ስትወጣ አላየም። ቃላቸውን ጠብቀው የተመለሱት ልጆች ግን ተመልሰዋል። ያንን የትኛውም ፈርቩርት አልሻረውም።

ከስምንታችን ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። መጽሐፉም የት እንደገባ አላውቅም። ከእናንተ መካከል ሽፋን የሌለው፣ መጀመሪያው የተገነጠለ አሮጌ ልቦለድ ቤቱ ያለ ካለ ለበዓሉ ይዞት ይምጣ። ተራዬን እጠብቃለሁ።

ቸር ያገናኘን።